የሊንዳ ቀጥቃጮች

ሐሙስ

ዛሬም ደወለች። እራት ላይ ነበርን። ባሌ ዳዊት ስልኩን ይዞ በረንዳ ወጣ፤ ምግቡ ቀዘቀዘ። በመስታወቱ በር አየዋለሁ፣ ይስቃል። ከእኔ ጋር እንደዚያ የሳቀው መቼ ነው?

ሊንዳ እህቱ ናት። ካገኛት ገና ጥቂት ወሩ ነው። ዳዊት እዚሁ አሜሪካ ከሐበሻ እናቱ ጋር ነው ያደገው። አባቱ ፈረንጅ መሆኑን ድሮም ያውቃል፤ ስሙን ግን እናቱ ይዛው ሞተች። ከቀብሯ በኋላ ዘመድ የሚያገናኘውን የምራቅ ምርመራ አደረገ። አባትየው ከሞተ ቆይቷል፣ ሴት ልጁ ግን ብቅ አለች፤ ሃምሳ ያለፋት፣ እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ፓሳዴና የምትኖር። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የዘር ሐረግ ሲቆጥሩ ይውላሉ።

በእህት ይቀናል? ይቀናል ለካ። አገጩ ላይ ያለችው ስርጉድ እሷም አላት። እኔ ብቻ የማውቃት ስርጉድ ትመስለኝ ነበር።

ዓርብ

የሐበሻ ልብስ ሱቃችን ውስጥ ቀሚስ እያጠፍኩ ዳዊት ቴክስት አደረገልኝ፦ «ቶማስን አገኘነው!!!»

ቶማስ ማነው? ከእንግሊዝ በመርከብ የመጣው የመጀመሪያው አያት። ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ይዘረዝርልኝ ጀመር። ቶማስ በአገሩ ገጠር ብላክስሚዝ ነበር። ልጁ ኦሃዮ ላይ ለፈረስ ኮቴ ብረት ይመታ ነበር። የዚያ ልጅ ካንሳስ ገብቶ ማረሻ ጠገነ፤ የዚያኛው ልጅ ካሊፎርኒያ መጥቶ የነዳጅ መቆፈሪያ ሠራ። የዳዊት አባት ደግሞ መካኒክ።

«ሁሉም ብረት ናቸው፣ ታምኛለሽ?» አለኝ፣ ዓይኑ በርቶ። «ሊንዳ እኮ አለቀሰች። ከኩራት የተነሣ!»

ሰሃን ወደ ማጠቡ ሄድኩ።

ብላክስሚዝ። በእንግሊዝኛ ሲሉት እንዴት ያምራል። የአባዬም አባት ሥራው ያው ነበር፤ እኛ ጋ ስሙ ቀጥቃጭ ነው። መንደሩ ማረሻውን ያሠራዋል፣ ሰርጉ ላይ ግን አይጠራውም። ልጅ ከታመመ «ቡዳው በላው» ይባላል። አባዬ በልጅነቱ ከዚያ ጠፍቶ አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ለጠየቀው ሁሉ አባቱ ነጋዴ ነው። ለእኔ የነገረኝ አንድ ጊዜ ነው፣ ላገባ ስል። «ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ። ለዳዊት አልነገርኩትም።

ዛሬ በሊንዳ ዕንባ ቀናሁ። በዚያው ሥራ እሷ በኩራት ታለቅሳለች፣ አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ይደበቃል።

ቅዳሜ

ነገ ሊንዳ ምሳ ትመጣለች፣ ሱቃችን ያለበት የሐበሻ ሰፈር፣ ፌርፋክስ። አባዬም ይምጣ ብላለች። እሱ ከኛ ጋር ነው የሚኖረው፤ ከፓርኪንግ ሥራው ጡረታ ከወጣ ወዲህ እንግዳ ይወዳል። ከአሁኑ ሸሚዙን ተኩሷል።

ሰበብ ፈለግኩ። ደክሞኛል አልኩ፤ እርግዝና ለዚህ ጥሩ ነው።

«ምን ሆነሻል?» አለ ዳዊት። «ሊንዳ በተባለ ቁጥር ፊትሽ ይጠቁራል።»

«ከፈለግክ ሂድና ከሷ ጋር ኑር» አልኩት።

ወደ ሥራው ድራይቭ አድርጎ ሄደ። የስልኩን ቻርጀር ደበቅኩበት። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፣ እናት ልሆን ነው፣ ቻርጀር እደብቃለሁ።

እሑድ

ነጠላ ለብሳ መጣች። ያውም ከኛ ሱቅ ሳይሆን ከጎረቤታችን የገዛችው! አባዬን ጉንጩን ደጋግማ ሳመችው፣ ልክ እንደ ሐበሻ። «ጋሼ» ትለዋለች። ዳዊት አስተምሯታል።

ምግብ ከመጣ በኋላ አንድ ትልቅ ወረቀት ዘረጋች። ከታች የእኔ ልጅ አለ፣ ገና ስም የለውም። በዳዊት በኩል እስከ ቶማስ ድረስ ሞልቷል። በእኔ በኩል እኔና አባዬ ብቻ፤ ከላያችን ባዶ።

«ጋሼ፣ አባትህ ምን ይሠሩ ነበር?» አለችው በእንግሊዝኛ።

«ነጋዴ» እስኪል ጠበቅኩ። አላለም። የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀመጠና ወደ መታጠቢያው ሄደ። ሲመለስ መብላቱን ተወ።

«መጠየቅ አልነበረብኝም?» አለችኝ ሊንዳ ቀስ ብላ።

«አዎ፣ አልነበረብሽም» አልኳት።

ፊቷ ሲወድቅ ደስ አለኝ። ከዚያ ደግሞ አፈርኩ። ስንሰናበት ወረቀቱን ጠቅልላ ለዳዊት ሰጠችው።

ሰኞ

ዳዊት ቁልፉን ሲያነሣ አባዬ ከክፍሉ ወጣ።

«ዳዊት፣ ተቀመጥ እስቲ። የእኔም አባት ቀጥቃጭ ነበር።»

ኩባያዬን አስቀመጥኩ።

«ቀጥቃጭ ምንድነው?» አለ ዳዊት።

አባዬ እኔን አየኝ። ያን ሁሉ ዘመን የሸሸው ቃል፣ አማቹ ትርጉሙን እንኳ አያውቀውም።

«ብላክስሚዝ» አልኩ።

«ኖ ዌይ!» ብሎ ተነሣ። «ጋሼ፣ ለምን አልነገርከኝም? ይሄ እኮ…»

«ተቀመጥ አልኩህ» አለው አባዬ።

ከዚያ ነገረው። መንደርተኞቹ አባቱ የሠራውን ማጭድ ሲወስዱ እጁን እንዳይነኩት እንዴት እንደሚቀበሉት። እናቱ ውኃ ስትቀዳ ሴቶቹ እስክትሄድ ዞር ብለው እንደሚቆሙ። የታመመ ልጅ በተገኘ ቁጥር በራቸው ላይ እንደሚጮኹ። ይሄን ይሄን እኔም አልሰማሁም ነበር። የዳዊት ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። ለሥራው ረፈደበት፣ አልተነሣም።

ሲጨርስ ዳዊት ወደ እኔ ዞረ። «ለሊንዳ ልንገራት?»

እኔን ጠየቀኝ። እኔ አባዬን አየሁት።

«ንገራት» አለ አባዬ። «ግን… በዚያ ወረቀት ላይ የአባቴን ስም ትጽፈዋለች?»

«እሷ አትጽፈውም» አልኩ፣ ማንም ሳይቀድመኝ። «እኔ ነኝ የምጽፈው።»

ሳቀብኝ። ቅናቴን ያውቃል ለካ፣ ሽማግሌው።

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ስሙን ጻፍኩ። «ከጎኑስ ምን ልበል?»

«ቀጥቃጭ በይ።»

«በአማርኛ?»

«በአማርኛ። ያልገባው ይጠይቅ።»

ፌርፋክስ ትንሽ መንደር ናት፤ «የቀጥቃጭ ዘር ናት» የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ሱቅ ሊገባ ይችላል። ጻፍኩት።