ሶፋ ላይ የተንጋለለው ጅብ

የኔዋ ሠዓሊ፣

እስቲ ካርዱን ገልብጪና ጅቡን እይልኝ። ሶፋ ላይ ተንጋሎ ስለ አስተዳደጉ እያለቀሰ ነው! «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ሲሉ እሰማ ነበር፤ እነዚህ ጭራሽ ሶፋ አቀረቡለት።

ካርዱን የገዛሁበት የኮሚክ መጽሐፍ መደብር ውስጥ ተረት ሁሉ እንዲህ ተበላሽቷል። እንጀራ እናቲቱ ጡንቻ አውጥታለች፤ ልዕልቲቱ ጎራዴ ታጥቃ በየገጹ ትለፈልፋለች እንጂ አትመዝዘውም። ሻጩ ደግሞ የጅቡን መጽሐፍ ይዞ፣ ደረቱን ነፍቶ ለአንዲት ባልቴት ያስረዳል፦ «ይሄ አዲስ እይታ ነው እማማ። ጅቡ የተገፋ እንጂ ክፉ አይደለም፤ ማንንም አይበላም።»

ባልቴቷ መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ ሥዕሉ ላይ ያለችውን ልጅ በጣታቸው እያሳዩ፣ «ታዲያ ይቺ ልጅ ይሄን ሁሉ ገጽ ምን ሆና ነው የምትሮጠው?» አሉት። መጽሐፉን ተቀብሎ መደርደሪያው ላይ መለሰው። እኔ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ ወጣሁ።

ያ አሳታሚሽም «የጅቡን ጥርስ ቀንሺለት» ብሎሻል አይደል? ብትሰሚው አልምርሽም!

ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ ያን ሰነፍ ወንድምሽንም ሰላም በይልኝ። ለትንሿ ልጅሽ ግን ጅቡን ከነጥርሱ ሳዪላት። ፈርታ ጉያሽ ካልገባች ምኑን ተረት ሆነ?