የግራፊክስ ካርዱና የባለቤቴ ዳንቴል

ሰኞ፣ ኅዳር 9

የሕንፃ ምስል የሚያወጣው ፕሮግራም አልከፈትም አለ። ሦስት ጊዜ ሞከርን፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ጽሑፍ መጣ፦ ግራፊክስ ካርዱ ፕሮግራሙ የሚፈልገው ችሎታ የለውም።

ልጄ ሃይማኖት እጇን አጣምራ ስክሪኑን ታያለች። በድራፍቲንግ፣ በሕንፃ ንድፍ፣ ተመርቃ ቤት ከተቀመጠች ሁለት ዓመት አለፋት። አሁን አንድ የደብረ ታቦር ሥራ ተቋራጭ የሙከራ ሥራ ሰጥቷታል፤ ወገዳ አጠገብ ሊሠራ የታሰበ የእህል መጋዘን ሦስት ምስሎች። ከውጭ፣ ከውስጥ፣ ከላይ። ቅዳሜ አይቶ ከወደደው ይቀጥራታል። ካልወደደው ተራ የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ።

የራሷ ላፕቶፕ ክረምት ላይ ሞቷል። የቀረን ጡረታ ስወጣ የገዛሁት ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው፤ ምስል የሚሠራው ካርዱም አሮጌ ነው። ኔትወርክ ከጠፋ ሰነበተ። ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ ሚኒባስም ከቅዳሜ በፊት የለም ተብሏል።

«ጋሼ፣ የሌለውን ከየት ያመጣል?» አለችኝ። እንደ ተማሪዎቼ ጋሼ ነው የምትለኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ፊዚክስ እንዳስተማርኩት፣ ችግሩን በቁጥር ከፋፍዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ግርማው ዘንድ ሄድኩ። የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ዛሬ እዚሁ ንፋስ መውጫ አይሲቲ ያስተምራል። ችግሩን ጽፌ ሄጄ ስለነበር አንብቦ ሳቀ። «መምህር፣ አሁንም ቁጥር እየሰጡ ነው የሚጽፉት?» አለ። ከዚያ ድራይቨር ያለበት ፍላሽ አውጥቶ ሰጠኝ።

ያስረዳኝን እንደገባኝ እጽፋለሁ። ድራይቨር በፕሮግራሙና በካርዱ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። ይህኛው ድራይቨር ግን ካርዱን ጨርሶ አይጠይቅም። ለፕሮግራሙ «ችሎታው አለኝ» ይልና ሥራውን ሁሉ የማሽኑ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ላይ ይጭነዋል። ፕሮሰሰሩ ለዚህ አልተሠራም፤ ይሠራዋል፣ ግን እያቃሰተ።

ያስጠነቀቀኝ፦
1. በጣም ይዘገያል።
2. ፋይሉ የሚቀመጠው ምስሉ ሲያልቅ ብቻ ነው፤ መሃል ላይ ከጠፋ ከዜሮ ይጀመራል።
3. ሌላ ፕሮግራም አይከፈት።
4. ሙቀት።

ከሰዓት ጫንነው። ተከፈተ! ሃይማኖት ጭኗን መታ አድርጋ ሳቀች፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አልሰማሁም። በትንሹ ሞከርን፦ ወርዱም ቁመቱም ሩብ የሆነ ምስል 41 ደቂቃ ወሰደ። ሙሉው ዐሥራ ስድስት እጥፍ ነው፤ 10 ሰዓት ከ56 ደቂቃ። መብራት በዚህ ሳምንት ለእኛ ሰፈር ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 1 ነው። ስለዚህ በቀን አንድ ምስል። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። ይበቃል። ግን ትርፍ የለውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11

የመጀመሪያው ምስል፣ ከውጭ፣ 11 ሰዓት ሊሆን አራት ደቂቃ ሲቀረው አለቀ። ስሌቴ በደቂቃ አልተሳሳተም። ሙከራውን በምመዘግብበት ደብተር ላይ «ድራይቨሩ ችሏል» ብዬ ጻፍኩ። ያ ደብተር ጠረጴዛው ላይ ይውላል፤ ሃይማኖትም ታነበዋለች፤ ይህኛው የግሌ ነው።

የመጋዘኑ ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ያርፋል። ጥላው እንኳ በቦታው ነው። ካርዱ የማያውቀውን ጥላ ያ አሮጌ ፕሮሰሰር ነጥብ በነጥብ ቆጥሮ አወጣው።

መብራት ሊሄድ ሲል ማሽኑን አጥፍቼ እንደ ወትሮው በባለቤቴ ዳንቴል ሸፈንኩት። ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን፣ ራዲዮውን፣ ይህንንም ሳይሸፈን አታሳድርም ነበር። ሰሞኑን ከአውድማው የሚነሣው የገብስ ገለባ ቤት ድረስ ይገባል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፣ ሚካኤል

የዛሬውን እዚህ እጽፋለሁ። ለእሷ አልነገርኳትም።

ሁለተኛውን ምስል 12 ሰዓት ላይ አስጀመርን። ሃይማኖት ቀድማ ለቅዳሴ ሄደች። እኔ ማሽኑን ስጠብቅ ቆይቼ ታቦቱ ሳይወጣ ልድረስ ብዬ ተነሣሁ። ኅዳር ሲታጠን ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ቆሻሻ ያቃጥላል፤ ጥላሸቱ በመስኮት ይገባል። ዳንቴሉን አነሣሁና ሸፈንኩት። ስክሪኑንም፣ ፕሮሰሰሩ ያለበትን ሲፒዩም። በደንብ፣ ጫፉን እየጎተትኩ። ጥንቃቄ መስሎኝ።

7 ሰዓት ላይ ስመለስ ድምፅ የለም። መብራት አለ፤ ማሽኑ ግን ጠፍቷል። ዳንቴሉ ገና እንደ ተተኮሰ ልብስ ይሞቃል። አራተኛው ማስጠንቀቂያ፣ ሙቀት፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ ፊቴ ተቀምጧል።

ዳንቴሉን አጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

9 ሰዓት ላይ መጣች። «ምን ሆነ ጋሼ?» አለች። «ድራይቨሩ አልቻለም፤ በራሱ ጠፋ» አልኳት። በሙከራ ደብተሩም ያንኑ ጻፍኩ። ሃይማኖት ቁጭ ብላ ድራይቨሩን ከማሽኑ ላይ አጠፋችው።

የተማሪዎቼን የሐሰት ውጤት በቀይ እስክሪብቶ ስሰርዝ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ጠዋት ሳያት አንዱን ምስል ብቻ ፍላሽ ላይ ገልብጣ ቦርሳዋን ታዘጋጃለች። ተቋራጩን «ሁለቱን መሥራት አልቻልኩም» ልትለው ነው። ማሽኑን ለማስጀመር አልቀረበችም፤ ለምን ትቅረብ፣ እንደማይችል የነገራት የአባቷ ደብተር ነው።

2 ሰዓት ላይ ነገርኳት። ቆሜ ነው የነገርኳት።

ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ «የእማዬን ዳንቴል የት አደረጉት?» አለች። ሳጥኑ ውስጥ፣ አልኩ። «እኔ እኮ በማሽኑ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤» አለችና ፍላሹን መልሳ ሰካችው።

ዳግም ስንጭነው 3 ሰዓት ሆነ። እስከ ምሽቱ 1 ያለን ዐሥር ሰዓት ነው፤ ሙሉ ምስል አይደርስም። ትናንት ከሰዓት በውሸቴ የባከነውንም አራት ሰዓት ቆጠርኩት። ወርዱንና ቁመቱን በግማሽ ካደረግነው አንዱ 2 ሰዓት ከ44 ይወስዳል አልኳት። እሺ አለች፤ ፊቷን ግን ወደ እኔ አላዞረችም። የሲፒዩውን የጎን ክዳን ፈታሁ፤ በሰፌድ ሳራግብለት ዋልኩ። 9 ሰዓት ሳይሞላ ሁለቱም አለቁ። ደብዛዛ ናቸው። የውስጡ ምስል ላይ በሩ ከግድግዳው አይለይም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ማለዳ መናኸሪያ ሸኘኋት። ሚኒባሱ እስኪሞላ ጎን ለጎን ቆምን። አንድ ጥሩ፣ ሁለት ደብዛዛ። ሰውየው ምን እንደሚል አላውቅም። ሳትገባ ዞር ብላ «ጋሼ፣ የሐሙሱን መስመር ያስተካክሉት» አለችኝ። ከዚያ ገባች።

አሁን 10 ሰዓት ነው። ስልኬ ኔትወርክ የለውም።

የሙከራ ደብተሩን ከፍቼ መደምደሚያ ጻፍኩ፦ ድራይቨር የጎደለውን ካርድ ይተካል? ይተካል፤ ሸክሙን ግን ሌላ ይሸከመዋል፣ የተሸከመውም መተንፈሻ ይፈልጋል። ከዚያ «ድራይቨሩ አልቻለም» የሚለውን ሐሙስ የጻፍኩትን፣ ተማሪዎቼን እንዳስተማርኳቸው፣ ከሥሩ እንዲነበብ በአንድ መስመር ብቻ ሰረዝኩት። ከጎኑም «የሸፈንኩት እኔ ነኝ» ብዬ ፈረምኩ።

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ክፍት ትቼዋለሁ። ስትመለስ ታየዋለች።