ክሮም ያልነካው አክስል

ውድ ሃርላን፣

በፖስታው ላይ ያለው ጽሕፈት የእህትህ ነው። የእኔን ብታይ ሳትከፍት እንደምትጥለው ስለምታውቅ አድራሻውን አርዲት ጻፈችልኝ። አልፈርድብህም። እኔም ብሆን አልከፍተውም ነበር።

እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም። እሑድ እሑድ ከአርዲት ጋር በስልክ ስታወሩ እዚያው ወጥ ቤታችን ተቀምጬ እሰማለሁ። ግራ ጉልበትህ ዛሬም እንደማይታጠፍ አውቃለሁ። የምትኖርበት የአሪዞና ፀሐይም እንዳላሻለው አውቃለሁ።

የምጽፍልህ የውድድር መኪና እየሠራሁ ስለሆነ ነው። አንተ ትነዳት እንደነበረችው እንደ ድሮዋ ናት፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሞተሯ ከፊት፣ ነጂው ከኋላ ጎማዎች መካከል የሚቀመጥባት። ሰባ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ሐኪሙ ተው አለኝ፤ ቄሱም ተው አለኝ። አልተውኩም። ሻንሲውን ራሴ በየድኩ፣ ሞተሩንም ራሴ ገጠምኩ። ሁለት የበረዶ ወራት ፈጀብኝ። በመጨረሻ የፊት ጎማዎቹን የሚሸከመው አክስል ብቻ ቀረኝ።

ፊቷ መቅለል እንዳለበት ላንተ አልነግርህም። በሩብ ማይል ውድድር ስትነሳ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ጎማ ካልሄደ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል። ሐሙስ ሐሙስ ከምንሰበሰብበት ቁርስ ቤት ይህንኑ ሳነሳ ላይል ኦስትራንድ፣ ያ የጎማ ነጋዴው፣ የጎረሰውን ሳይውጥ ጀመረኝ።

«ክሮም የተነከረውን የቱቦ አክስል ግዛና ተገላገል! ድሮ የሚመስለው እኮ ፊቱ ሲያብረቀርቅ ነው።»

«እኔ ራሴ የድሮ ነኝ። መምሰል አያስፈልገኝም።»

«ልክ ነህ፤ ግን አንተ ዝገሃል!»

ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ። ቡናዬን ጥዬ ወጣሁ።

ልገዛ አላሰብኩም። የዚያችን የእኛን መኪና አክስል አልጣልኩትም፤ ለሁለት እንደተሰበረ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ጋራዤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከግራው ቁራጭ የጎማ ማያያዣው ምን ያህል እንደሚያዘነብል ልለካበት አወረድኩት። የእኔን ልማድ ታውቃለህ፤ ቤቴ የገባ ብረት ሳይፈተሽ ሥራ ላይ አይውልም። ክሮሙን ሞርጄ ገፈፍኩ፣ ብረቱን ላምባ ውስጥ አሳደርኩ፣ ጠርጌ ጠመኔ ነሰነስኩበት። ብረት ከተሰነጠቀ የጠጣው ላምባ ተመልሶ ይወጣና ጠመኔው ላይ መስመር ያሰምራል።

አሰመረ። ለማቅለል ብዬ በትራፓኖ ከበሳኋቸው ቀዳዳዎች በአራቱ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ወጡ። የግራው ቁራጭ ነው እያልኩህ ነው። ያን ቀን የመኪናዋ ፊት ከተነሳበት መሬት የመታው በቀኝ ጎማው ነው፤ የተሰበረውም በቀኝ ነው። ግራው ምንም አልመታውም። ስለዚህ አንተ ገና መኪናዋ ላይ ሳትወጣ አክስሉ ተሰንጥቆ ነበር።

አሁን የማታውቀውን ልንገርህ። ያኔ፣ በውድድሩ ዋዜማ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አክስሉን ላመጣ ክሮም ነካሪው ሽማግሌ ቮግት ዘንድ ሄድኩ።

«ዛሬ አልሰጥህም» አለኝ። «ክሮም የተነከረ ብረት ምድጃ ውስጥ ማደር አለበት። ያለዚያ ብረቱ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል።»

«ዳቦ ነው እንዴ የሚጋገረው? ነገ ውድድር አለብን!»

ትከሻውን ሰበቀና ሰጠኝ። ገና እርጥብ ነበር።

በማግስቱ የመኪናዋ ፊት ተነሳ፣ ወረደ፣ አክስሉ ተሰበረ። አጥሩን ስትመታ ግራ ጉልበትህ መሪው ሥር ተቀጠቀጠ። እኔ ደግሞ ገና አንተ ከመኪናዋ ሳትወጣ ለተሰበሰበው ሰው «እግሩ ነው፤ በግራው የሚረግጠውን ክላች እንደ መዶሻ ለቀቀው» አልኩ። በመከር ወራት ከተማው ሁሉ «መዶሻ እግር» ይልህ ጀመር። ከዚያ ወዲያ መኪናውን የሚሰጥህ አንድም ሰው አልተገኘም። ሆስፒታል ተኝተህ ዓይን ዓይኔን እያየህ «ቨርሊን፣ እውነት የእኔ እግር ነው?» አልከኝ። አዎ አልኩህ።

ማንም አላስተማረኝም፤ ብረትን ማንበብ ራሴን በራሴ አስተማርኩ እያልኩ ስኩራራ ኖሬያለሁ። ያን አንዱን ግን አላነበብኩትም። ላነብበውም አልፈለግሁም።

ያገኘሁትን ለአርዲት እራት ላይ ነገርኳት። ሹካዋን አስቀመጠች።

«ወንድሜን ሃምሳ ሦስት ዓመት!»

«ያወቅኩት እኮ ዛሬ ነው።»

«ዛሬ ያወቅከው ስንጥቁን ነው። ቮግት ያለህን ያኔም ታውቀው ነበር። አንተ ግትር!»

ካገባኋት ጀምሮ ክርክር አሸንፌያት አላውቅም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ቁራጩን ተሸክሜ ቁርስ ቤት ገባሁና በሳህኖቹ መካከል አጋደምኩት። «የሃርላን እግር አልነበረም። የእኔ አክስል ነው። መስመሩን እዩት» አልኩ። ማንም አልሳቀም።

ላይል ጠመኔውን በጣቱ ነካ አድርጎ «አሁን ይሄ ለሰውዬው ምን ያደርግለታል?» አለ።

«ለሱ ምንም። እናንተ ግን ያንን ስም ዳግመኛ አፋችሁ ውስጥ እንዳታስገቡት!»

አዲሱን አክስል ከቀጭን የብረት ቱቦ ራሴ ቆርጬ በየድኩት። አሥራ አራት ፓውንድ ነው፤ የድሮው ሠላሳ ሦስት ነበር። ቀዳዳ የለውም፣ ክሮም የለውም፣ ቀለም እንኳ አልቀባሁትም። ዘይት ብቻ አሸሁት። ይዝጋል ይሉኛል። ይዛግ! ዝገት የሚታይ ነገር ነው።

ይቅርታ የሚለውን ቃል እዚህ ወረቀት ላይ ብትፈልገው አታገኘውም። ቃል ጉልበት አይጠግንም፤ ያንተን የውድድር ዓመታትም አይመልስም። ተው ለሚሉኝም መልሴ ያው ነው፤ በሰኔ ሁለተኛው ቅዳሜ፣ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ያቺ መኪና ሩብ ማይሉን ትሮጣለች። ማንም ባይመጣ ራሴ እነዳታለሁ።

ቢሆንም አንድ ነገር አለ። አክስሉን ሦስት ጊዜ ፈትሼዋለሁ፤ መስመር የለም። ግን የፈተሸው ዓይን ያው የእኔ ዓይን ነው፤ አንተም እሱን አምነህ አንድ ጊዜ መኪናዋ ላይ ተቀምጠሃል። ስለዚህ ላምባውንና ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ ትቼልሃለሁ። ና፣ ራስህ እየው። አንዲት ፀጉር የምታህል መስመር ካገኘህ፣ አክስሉን ሰዉ ሁሉ እያየ በመጋዝ እቆርጠዋለሁ።

ካላገኘህ ደግሞ ይህን እወቅ፦ ክላቹን ከግራ እግር አንስቼ ወደ እጅ አዛውሬዋለሁ። የእኔ ግራ እግር ደህና ነው።

ቨርሊን ስትራውድ