ጥርስ ያለው ከረጢት

ይድረስ ለእማዬ፤

ጉልበትሽ እንዴት ነው? ብርዱስ ለቀቅ አደረገሽ? የኔን ጤና ብትጠይቂ ከንዴት በቀር ምንም አላመመኝም። የምታነብልሽ መቅዲ ከሆነች አንድም መስመር እንዳትዘል፤ ይህን የጻፈው የገዛ ልጅሽ እጅ ነዋ! ሰኞና ረቡዕ የፈረንጁን፣ ሐሙስ የኛን ፊደል፣ ማታ ማታ ዳውንታውን ኦክላንድ እየሄድኩ ጨረስኩ። «ኀ»ን እንደኔ አሳምሮ የሚጽፍ በካሊፎርኒያ የለም፤ ካለም ይምጣና እንጋጠም።

ወደ ነገሬ ልግባ። በእትዬ ካሳነሽ እጅ የምትልኪልን በርበሬ መጀመሪያ ሳን ሆዜ እህቴ ፋንታዬ ቤት ያርፋል፤ ከዚያ የኔ ድርሻ ወደ ኦክላንድ ይመጣል። ታዲያ በመጣ ቁጥር ጎዶሎ ነው። ፋንታዬን ብጠይቃት «ሰረቀብርሃን አውሮፕላን ላይ እርጥበቱ ይተንናል ይላል» አለችኝ። አይ የተማረ ባል! ማውንቴን ቪው ከተማ ኮምፒውተር ፊት የሚያስቀምጡት እንዲህ ያለውን ነው? ኮል ባደርግለት አያነሳም፣ ቴክስት ባደርግለት አይመልስም። ሌባ መቼ ስልክ ያነሳል! እማዬ፣ ያቅለሸልሸኛል። ላም ይስረቅ፣ ባንክ ይስረቅ፣ ወንድ ነው እላለሁ። በርበሬ በማንኪያ እየቆነጠረ፣ ጣቱን እየላሰ… ኤጭ!

ያን ሰሞን ቲቸራችን የየአገራችሁን ገንዘብ ስም ትርጉም ንገሩን አለችን። እኔ ብድግ ብዬ «የኛ ብር ይባላል፤ ትርጉሙም ብር ነው፣ ያው አንገት ላይ የሚንጠለጠለው» ብል ክላሱ በሳቅ ፈነዳ። ኖራይኒ የምትባል የማሌዥያ ሴት ግን «የኛ ሪንጊት ነው፤ ጥርሳም ማለት ነው» አለች። ድሮ እነሱ አገር የስፔኖች የብር ገንዘብ ይዘዋወር ነበር አሉ። ሌባ ጠርዙን እየፋቀ ብሩን ያጠራቅምና የተፋቀውን እንደ ሙሉ ይገበያይበታል። ስለዚህ ጠርዙን እንደ መጋዝ ጥርስ አወጡለት፤ ከተፋቀ ያስታውቃላ! ሰዉም የንጉሡን መልክ ትቶ በጥርሱ ጠራው።

«ሰረቀብርሃን ጠርዝ ፋቂ!» ብዬ ክላሱ መሃል ጮህኩ። የበርበሬ ከረጢቴን አፍ በቀይ ክር እንደ መጋዝ ጥርስ አድርገሽ ስፊው ያልኩሽ ለዚህ ነበር። አንቺም «ልጄን ትምህርት አሳበደው» እያልሽ ሰፋሽልኝ።

ዛሬ ደረሰኝ። ጥርሱ አንድም አልተነካም፤ በርበሬው ግን እንደ ልማዱ ጎዶሎ። ጠጋ ብዬ ሳየው ክሩ ቀይ ነው፣ ያንቺ ቀይ ግን አይደለም። ተፈትቶ ተሰፍቷል! ነገ ወርጄ ይህን ከረጢት ፊቱ ላይ ባልወረውር የአባቴ ልጅ አይደለሁም።

እማዬ፣ ሄጄ መጣሁ።

ፋንታዬ በር ስትከፍት ቀሚሷ ደረት ላይ መርፌ ተሰክቷል፣ ቀይ ክሩ ተንጠልጥሏል። የሰውዬው ጫማ በር ላይ የለም። ኮቱም የለም፤ ቴሌቪዥኑም ከቦታው የለም። «ሰረቀስ?» ብላት «ሥራ በዝቶበት እዚያው ያድራል» አለች። ከመቼ ጀምሮ ብላት ሽንኩርት ልትከትፍ ዞረች። ጠረጴዛው ላይ በርበሬሽ በትንንሽ ፌስታል ተቋጥሮ ተደርድሯል፤ በየፌስታሉ ላይ ስም አለ፣ ዋጋም አለ። ዕድሜ ለክላስ ሁሉንም አነበብኩት። ባላነበብኩት።

«በርበሬው ደረሰህ?» አለችኝ፣ ፊቴን ሳታይ።

«ሞልቶ ሊፈስ!» አልኳት። ከረጢቱን ከጃኬቴ ውስጥ አላወጣሁም። ስፌቱ ግን፣ እማዬ፣ ካንቺ ስፌት አይለይም፤ ክሩ ባይለይ እኔም አላውቅም ነበር።

ያ ሰውዬ ላምም ባንክም አልሰረቀም። ግን ቴሌቪዥኑን እንዴት ተሸክሞ ወጣ? ኤጭ!

ከላይ የጻፍኩትን ቀድጄ እንዳልጥለው እንዲህ ያማረ «ኀ» ዳግመኛ አይወጣልኝም። ብቻ እንዳታምኚው፤ በርበሬውን የሚያጎድለው አይጥ ነው። የሳን ሆዜ አይጥ ጥጃ ያክላል። ፋንታዬ ስትደውልልሽም አይጥ ነው በያት።

ከእንግዲህ የኔንም ጨምረሽ በሷ ስም ላኪው። እኔ በርበሬ ጠልቻለሁ፤ ሽታው ራሱ ያስጠላኛል። ጥርሱንም ተይው እማዬ፤ አፉን በገመድ ሸብ አድርጊው፣ ሲፈታ ጣት እንዳያደክም።

አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ደጅሽን ሰላም ያድርገው። ስትመርቂን ከሷ ጀምሪ።

በርበሬ የማይበላው ልጅሽ