የኦፓል ሸክላ

ኦማሃ፣ ኔብራስካ

ውድ ኦፓል፣

እንደምን ከርመሻል? የፖርትላንድ ዝናብ ጉልበትሽን ተወት አደረገልሽ ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። በረዶው ገና አልለቀቀንም፤ አካፋ ይዤ የምወጣው አሁን እኔ ነኝ፣ ወገቤ ቁርጥ ብሏል።

ወንድምሽ ክላይድ ያው ከሸክላዎቹ ጋር ነው። እሁድ ጓደኛው ሌስተር መጥቶ ሳለ፣ አንቺ የዘፈንሽበትን፣ የባንዱ መሪ ስም ብቻ የተጻፈበትን ሸክላ በአልኮል ወለወለው። አልኮል የድሮ ሸክላ እንደሚያቀልጥ ለከተማው ሸክላ ሰብሳቢ ሁሉ ያስተማረው እሱ አይደል? ሌስተር "ምን ነካህ አንተ! ሰው በገዛ እህቱ እንዲህ ይጨክናል?" ብሎ ሳቀ። ክላይድ ግን አልሳቀም፤ የጠቆረውን ጨርቅ እያገላበጠ አየው።

አልኮሉን ከዱቄቱ ጀርባ ደብቄዋለሁ። ምድጃውንም የማጠፋው እኔው ነኝ። ደክሞኛል መሰለኝ፣ ወሬ አበዛሁ።

ለገና የላክሽው ፎቶሽ ደርሶናል። "ይህቺ ሴትዮ ማናት? ደህና ሰው ትመስላለች" አለኝ ክላይድ። መነጽሩ ቆሽሾ ይሆናል ብዬ ወለወልኩለት። ትናንት የዚያኑ ዘፈን ሁለተኛ ሸክላ ሳጫውት ግን፣ ገና ለመዝፈን ትንፋሽ ስትስቢ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ "ኦፓል! ግቢ እንጂ፣ ምን ደጅ ያስቆምሻል?" አለ።

ጤናና ሰላም ከቤትሽ አይራቁ። ለፋሲካ ስትመጪ ታዲያ በሩን አታንኳኪ፤ ደጅ ቆመሽ ዝፈኚ።

የወንድምሽ ሚስት፣
ቬርና