እማ ፍሬን ስትይዝ

ሰኞ፣ ጥር 4። ጠዋት 1 ሰዓት

የአባባን ፒካፕ የኋላ አምፖል ቀየርኩ። ያው ነው። ፊውዙን አየሁ። ደህና ነው። ፍሬን ስይዝ፣ ከኋላ ግድግዳው ላይ እንደማየው፣ የግራው የኋላ መብራት ፍዝዝ ይላል፣ ሳይጠራ ፍሬቻውም አብሮት ብልጭ ይላል። ፍሬቻ ሳበራ ደግሞ ቀዩ ይርገበገባል። ምን ዓይነት ጉድ ነው።

ማስታወሻዬ፣ አንቺንም እንዳሰለቸሁሽ አውቃለሁ። ለማን ልንገር ታዲያ? ወንድሜ ሰይድ ቢሰማ ደስታውን አይችለውም። አባባ ከሞተ ጀምሮ ፒካፗን ሸጠን እንገላገል እንዳለ ነው። ሽማግሌ ፊት ተስማምተናል፦ እስከ ጁምዓ ምርመራ አልፋ ቦሎ ከለጠፈች ለእኔ ትቀራለች፣ ካላለፈች ደላላው ይወስዳታል። ጎማዋ ደህና፣ መሪዋ ደህና፣ ፍሬኗ ደህና። የቀረችኝ ይቺ አንዲት መብራት ናት።

ከሳሪስ አቦ ሽንኩርትና ቲማቲም ጭኜ ገላን ኮንዶሚኒየም በር ላይ የምሸጠው በእሷ ነው። እሷ ከሄደች በጀርባዬ ልሸከም? አልሰጥም። በቃ፣ አልሰጥም።

ማክሰኞ፣ ጥር 5። ከቀኑ 9 ሰዓት

ገበያ ቀረ። ቃሊቲ አንድ ኤሌክትሪሺያን ጋ ወሰድኳት። ጎንበስ ብሎ እንኳ አላየም። ሽቦው በሙሉ አርጅቷል፣ ተነቅሎ እንደ አዲስ ይዘረጋ፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት ትተሽልኝ ሂጂ አለ። ቀኔ ጁምዓ ነው አልኩት። ወንድም የለሽም ወይ፣ እሱን ላኪው አለኝ። ሳቅ አልኩና ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ። እንዴት እንደተናደድኩ አንቺ ብቻ ነሽ የምታውቂው።

ቤት መጥቼ ራሴ ጀመርኩ። ችግሩ፣ አንድ ሰው ፍሬን ካልያዘልኝ ከኋላ ሆኜ ሽቦውን እየነካካሁ ማየት አልችልም። ሰው የለም። እማን ጠራኋት።

እማ በሕይወቷ መሪ ጨብጣ አታውቅም። ሙስበሃ መቁጠሪያዋን እንደያዘች ጋቢና ገባች። መሃለኛውን እርገጪ አልኳት፤ ፍሪሲዮን ረገጠች። እንደገና፤ ነዳጅ። በሦስተኛው አገኘችው። ከዚያማ ማን ያስለቅቃት። ስንት ጊዜ ቆይቼ ባያት እግሯ ደንዝዟል፣ ሥራዬን እንዳታቋርጥብኝ ብላ ዝም ብላለች። አንጀቴን በላችው።

ደግሞ እዚያው ተቀምጣ ለሰይድ ተሟገተች። ጠላትሽ አይደለም፣ መንገድ ላይ አንድ ነገር እንዳትሆኚ ፈርቶልሽ ነው አለችኝ። ከፈራልኝ ዱዓ ያድርግልኝ አልኳት።

ምንም አልተገኘም።

ረቡዕ፣ ጥር 6። ከቀኑ 10 ሰዓት

ተገኘ። ተገኘ። እጄን ሳልታጠብ ነው የምጽፍልሽ።

እማ ፍሬን ይዛ፣ እኔ ከሥር ተጋድሜ። ከመብራቱ የሚወጣው ጥቁር ሽቦ፣ ማሳ የሚሉት፣ ከጭነቱ ሳጥን ብረት ጋር በብሎን ታስሯል። ኤሌክትሪኩ በብረቱ በኩል ነው የሚመለሰው። ብሎኑን ላጠብቅ ስል ካቻቢቴው አዳልጦኝ ብረቱን ጫረው። መብራቱ ቦግ አለ። ዓይኔ ላይ፣ ቀይ።

ለካ ብረቱ ሰማያዊ ነው። በሽቦውና በብረቱ መካከል ቀለም አለ፤ መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ በፍሬቻው በኩል ሲዞር ኖሯል። ቀቢው መብራቱን ፈትቶ፣ ቀብቶ፣ ማሳውን እላዩ ላይ መልሶ አስሮታል። አባባ ከሞተ ወዲህ ማን ነው ያስቀባት? ሰይድ። ለደላላው እንድታምርለት። ሊሸጣት ያሳመራት እሱ፣ መብራቷን ያጠፋው እሱ፣ አርጅታለች የሚለው እሱ። መሬት ላይ ተጋድሜ ብቻዬን ሳቅሁ።

ቀለሙን በቢላ ፋቅኩት፣ ብረቱ እስኪነጣ። አሰርኩት። እማ እንደገና ረገጠች። ቀዩ ቀይ ብቻ፣ ፍሬቻው ፍሬቻ ብቻ። “በራ?” ትላለች ከጋቢና፣ አሥር ጊዜ። በራ እማ፣ በራ።

ሰይድ ጋ ደወልኩ፣ ድምፁን ከፍቼ። ደስ አላለውም። ነገ መንገድ ላይ ተመልሶ ይጠፋል አለ። የሽማግሌውን ነገር ስጠይቀው፣ አንቺን ለማረጋጋት ነው እንጂ ከደላላው ጋር ጨርሻለሁ፣ ነገ 3 ሰዓት ይመጣል፣ ቁልፉን አዘጋጂ አለኝ። እማ ሁሉንም ሰማች። ሙስበሃዋን እየቆጠረች ወደ ጓዳ ገባች። ምን እንዳሰበች አላውቅም። ከፍቶኛል።

ሐሙስ፣ ጥር 7። ጠ. 12 ሰዓት ተኩል

ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። ወስኛለሁ። ደላላው ሳይመጣ እሄዳለሁ፣ የምርመራ ጣቢያው በር እስኪከፈት እዚያው ቆሜ እጠብቃለሁ።

ቁልፉ ግን ምስማሩ ላይ አልነበረም። እማ ለሰይድ ሰጥታዋለች ብዬ ደመደምኩ። ሮጬ ወጣሁ።

ጋቢና ውስጥ ናት። የዒድ ሻሿን አድርጋ፣ ቁልፉን ጨብጣ። መርማሪው ፍሬን ያዙ ሲል የሚይዝ ሰው ያስፈልግሻል አለችኝ፣ እግሬ ለምዶታል። ሾፌሩ ነው የሚይዘው ብዬ አልነገርኳትም። ደግሞ የባሌ መኪና ናት፤ ሰይድ ከጠየቀ፣ እማ ይዛት ሄደች በይው አለች።

ሊብሬውን ልወስድ ነበር የገባሁት። አንቺን ሳልነግር መሄድ አቃተኝ። ይኸው ክላክስ እየነፋች ነው። ሰፈሩን ቀሰቀሰችው። ክላክሱን ደግሞ ማን አሳያት፣ እኔ እንደሆንኩ አላሳየኋትም። መጣሁ፣ እማ!