መሬት ያልነኩት አራቱ ችግኞች

ውድ ሽፌ፣

ከተለየኸኝ ስምንተኛው ወር ገባ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልህ ሥራ በዝቶብኝ ነው ብል ታምነኝ ነበር፤ እውነቱ ግን እሱ አይደለም። ተናድጄብህ ነው የቆየሁት። አሁንም እንደተናደድኩ ነኝ። ብዕር ያነሳሁት ንዴቴ ስለበረደ ሳይሆን፣ ተናድጄም ቢሆን ቀጥ አድርጌ መጻፍ እንደምችል ስላወቅኩ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ቤቱ የለም። ራጉኤል ጀርባ የነበረው የአባትህ ግቢ ካለፈው ሰኔ ጀምሮ የሌላ ሰው ነው። እኔ አማኑኤል አካባቢ አንድ ክፍል ከነጓዳዋ ተከራይቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ወደ ምናለሽ ተራ በእግሬ እሄዳለሁ። ሱቄ እንዳለ ነው፤ አሮጌው ጣሳ፣ ጀሪካኑ፣ በርሜሉ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ደንበኞቼ "እትዬ ጥሩ፣ ከስተሻል" ይሉኛል። "ቤት ስቀይር ነው" እላቸዋለሁ። ውሸት አይደለም።

ይህን ሁሉ ግን አንተ ከእኔ በፊት ታውቀው ነበር። የምጽፍልህም ስለዚሁ ነው።

የሰማንያ ቀን ተዝካርህን ባወጣን በሁለተኛው እሑድ እህትህ እትዬ ብዙነሽ መጡ። ከዘይቱኑ ሥር ወንበር አወጣሁላቸው፤ ሻይ አቀረብኩላቸው። ግማሹን እንኳ ሳይጠጡ ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። "ጥሩዬ፣ አንቺ ብልህ ሴት ነሽ፣ ይገባሻል" ብለው ጀመሩ። ገበያ ላይ ሰው "ብልህ ነሽ" ብሎ ሲጀምርልኝ እጄን ኪሴ ላይ ማድረግ ልማዴ ነው። ያን ቀን ግን የመጡት ለኪሴ አልነበረም።

ወረቀቱ አንተ፣ እሳቸውና ታናሽ ወንድማችሁ በእሳቸው ቤት ተቀምጣችሁ የፈረማችሁት ነው። የአባታችሁ ግቢ እንዲሸጥ ሦስታችሁም ተስማምታችኋል። አንተ አንድ ነገር ብቻ አስጨምረሃል። "ሽፈራው በሕይወት እስካለ ድረስ ግቢው አይነካም" ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። "ሽፈራውና ባለቤቱ" አይልም። ለራስህ ዕድሜ ልክህን ለምነህ አግኝተሃል፤ የእኔን ዕድሜ ግን አላነሳኸውም።

እትዬ ብዙነሽ ደጋግሜ ሳነበው አይተው ደነገጡ። "ሽፈራው አልነገረሽም እንዴ?" አሉኝ።

"ነግሮኛል" አልኳቸው።

ዋጋ ሲጠሩብኝ ፊቴ እንደማይለወጥ ታውቃለህ። ያን ዕለትም አልተለወጠም። "መቼ ልልቀቅ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም ቀለል አላቸው፤ "አይ፣ ክረምቱ ሳይገባ ብትይ ይበቃል፤ ልጅ ስላልነበራችሁ ነገሩ አልተወሳሰበም" አሉ። ሻያቸውን ጨርሰው ሄዱ። በር ድረስ ሸኘኋቸው። እግረ መንገዳቸውን ለቤታቸው ጤና አዳም ቀነጠሱ፤ ሌላ ጊዜም ይቀነጥሱ ነበር።

ሽፌ፣ እኔ በርሜል በጣቴ አንኳኩቼ የቱ ጋ እንደተበሳ የማውቅ ሴት ነኝ። ቆራሌዎች ከየሰፈሩ ለቅመው የሚያመጡልኝን ጣሳ ገና ክዳኑን ሳልከፍት "ታቹ ዝጓል፣ መልሰው" እላለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው የኖርኩትን ሰው ግን አንኳኩቼው አላውቅም። አንተን ማንኳኳት ያስፈልገኛል ብዬ አስቤ ስለማላውቅ ነው።

እሳቸው እንደወጡ ማስታወሻ ደብተሮቼን አወረድኩ። በየቀኑ ሁለት ሦስት መስመር ስጽፍ "የቀበሌ ጸሐፊ" እያልክ ትስቅብኝ ነበር። የእንቁጣጣሽ ዕለት መስመር ግን ሁልጊዜም ያንተ ነበር። "የዘንድሮ እንግዳ" እላለሁ፤ ከጎኑ በዚያ ዓመት ለግቢያችን ያመጣኸውን አዲስ ተክል ስም እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው እንግዳ ቀይ ጽጌረዳ ነው። በተጋባን ዓመት በጋዜጣ ጠቅልለህ አመጣኸው፤ "የዘንድሮ እንግዳችን" አልክ። "ይበላል?" አልኩህ። "ይታያል" አልከኝ። "በማየት ማን ጠግቦ ያውቃል?" ብዬ ተከራከርኩህ። በዚያው ተዋዋልን፤ አንድ ዓመት የሚታይ፣ አንድ ዓመት የሚበላ። በዓመቱ ዘይቱኑን አመጣህ። ከዚያ ቦጋንቪላው፣ ከዚያ ኮኩ። ፖም ነው ብለው የሸጡልህ ዛፍ ስድስት ዓመት ቅጠል ብቻ ሲያወጣ፣ "መቼ ነው የሚያፈራው?" ስልህ "እያሰበበት ነው" ትለኝ ነበር። አሁንም እያሰበበት ነው።

ዘይቱኑ ግን አላሳፈረህም። ቅርንጫፉ ከአጥሩ በላይ አልፎ ወደ መንገዱ ወጣ። የሚያልፉት ተሸካሚዎች ጆንያቸውን በአንድ እጅ ደግፈው በሌላው ይቀነጥሱ ነበር። አንተ በረንዳው ላይ ከስፌት መኪናህ ቀና ብለህ "አንተ፣ ጥሬ ነው፣ ይነፋሃል" ትላለህ። እነሱም "ጋሼ፣ እኛ ድንጋይም እንፈጫለን" ይሉሃል። ከስፌት ድምፅህ ጋር እየተቀላቀለ የሚመጣው ያ ጨዋታ አሁን በጆሮዬ አለ። እንዲህ ያለውን ስጽፍ ንዴቴ ሊያመልጠኝ ይፈልጋል፤ ግን አልለቀውም።

ምክንያቱም በደብተሩ ውስጥ ሌላም ነገር አየሁ። ከእያንዳንዱ እንግዳ ስም ጎን የት እንደተተከለ ጽፌያለሁ። "በሩ አጠገብ"፣ "ከኩሽናው ጀርባ"፣ "ከቧንቧው ጎን"፣ እንዲህ እያለ እስከ አሥራ ስምንተኛው ዓመት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያሉት አራት መስመሮች "ጣሳ" ይላሉ። ጣሳ፣ ጣሳ፣ ጣሳ፣ ጣሳ። የወረቀቱ ቀን የዛሬ አራት ዓመት የነሐሴ መጨረሻ ነው። የመጀመሪያው ጣሳ የመጣው ከዚያ በኋላ በነበረው እንቁጣጣሽ ነው።

ሎሚ ነበር። ሎሚ መሬት እንደሚፈልግ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። "ለምን ጣሳ?" አልኩህ። "መጀመሪያ ይጠንክር" አልከኝ። ቀጠልክና "ከምናለሽ ተራ ጥሩ ጣሳ አምጪልኝ፣ እጀታ ያለው ይሁን" አልክ። "እጀታው ደግሞ ለምንህ ነው?" ስልህ "ፀሐይ ስትዞር ላዞረው" አልከኝ። እኔም አመንኩህ። ካለኝ ሁሉ ያልዛገውን፣ ያልተጣመመውን፣ ሁለት እጀታ ያለውን ትልቅ የዘይት ጣሳ መርጬ አመጣሁልህ። ውሃ እንዳይተኛበት ብዬ ታቹን በምስማር አምስት ቦታ የበሳሁትም ራሴ ነኝ። በዓመቱ ለጥብስ ቅጠሉ ሌላ አመጣሁ። ቀጥሎ ያን ዓመት ችግኝ ሻጭ ሁሉ ሲያወራለት ለነበረው ላቬንደር። በመጨረሻም ለዚያ ቁልቋል መሳይ፣ ሻጩ ራሱ ስሙ ጠፍቶበት ከወረቀት ላይ ላነበበልህ ድራጎን ፍሩት። አራቱንም ጣሳ የመረጥኩት እኔ፣ የበሳሁት እኔ። መሄጃዬን በገዛ እጄ እያዘጋጀሁ እንደነበር አላወቅኩም።

ገንዘብ አላጎደልክብኝም። ድርሻህን ሰጥተውኛል፤ አልተጣላሁም። ወንድምህና እህትህ ለዓመታት ሲወተውቱህ እንደኖሩም አውቃለሁ። ሰላም መግዛት ፈልገህ ይሆናል። ብትነግረኝ ኖሮ እጮህ ነበር፤ ሁለት ወር አላናግርህም ነበር። ከዚያ ግን ተቀምጬ አስብ ነበር፣ ሥራዬ ማሰብ አይደል? ዘይቱኑን ለማን እንደምተው፣ ጽጌረዳውን መቼ እንደማባዛው፣ እኔ ራሴ የት እንደምገባ ለማሰብ አራት ዓመት ነበረኝ። ያን አራት ዓመት ወሰድክብኝ። በምትኩ ሁለት ወር ተኩል ሰጡኝ።

የሄድኩበትን ቀን ልንገርህ። ከጎጃም በረንዳ ሁለት ባለጋሪዎች አስመጣሁ። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ግቢውን አጨቅይቶት ነበር። የጥብስ ቅጠሉ ተነሳ፤ ላቬንደሩ ተነሳ፤ ድራጎን ፍሩቱም እሾሁ እየወጋቸው ተነሳ። ሎሚው ግን እንቢ አለ። ሁለቱ እጀታውን ይዘው ጎተቱ፤ አልነቃነቅ አለ። "እትዬ፣ ይሄኛውን በየዳችሁት እንዴ?" አለኝ አንደኛው እየሳቀ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሥሩ እኔ በበሳሁት ቀዳዳ ወጥቶ፣ ከጣሳው በታች መሬት ገብቷል። አምስቱም ቀዳዳ ሞልቷል።

እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ባለጋሪዎቹ አሞኝ መሰላቸው። አላመመኝም። አንተ መሬት እንዳይነካ ብለህ በጣሳ ያስቀመጥከው ሎሚ፣ ሳይነግርህ አራት ዓመት ወደ ታች ሲሄድ መኖሩን እያየሁ ነበር። በዚያ ግቢ ውስጥ እንደምንቀር ያመንነው እሱና እኔ ብቻ ነበርን።

ቢላ አምጥቼ ሥሩን ራሴ ቆረጥኩት። ለሰው አልሰጠሁም። ባለጋሪዎቹ "ጽጌረዳውንስ አንነቅልልሽም?" ሲሉኝ "ተዉት" አልኳቸው። ሃያ ሁለት ዓመት የቆመ ነገር በጋሪ አይሄድም። እኔም እዚያው ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ እኔ ግን ሄድኩ። ዘይቱኑ ሥር የወደቁትን ለቅሜ ለባለጋሪዎቹ ሰጠኋቸው። እንዳልከው ጥሬ ነበሩ።

አንድ ነገር ላንተ ልመስክርልህ፤ ፍርድ ሲሆን ሁለቱም ወገን ይሰማል። እጀታውን ያስመጣኸው ለእኔ አስበህ እንደሆነ ይገባኛል። ባዶ እጄን እንዳልወጣ ፈልገህ ነው። በየዓመቱ ችግኙን ጣሳ ውስጥ ስታስገባ እጅህ ምን እያሰበ እንደነበር ሳስብ ሆዴ ይባባል። ግን ሽፌ፣ ለተክሉ ያዘጋጀኸውን ያህል ለእኔ አላዘጋጀህልኝም። ከጀርባዬ የተሠራልኝ ደግነት ምን እንደማደርገው አላውቅም። እጀታ ያለው ጣሳ ከምትሰጠኝ አንድ ቀን ከስፌት መኪናህ ተነስተህ "ጥሩዬ፣ ቁጭ በይ፣ የምነግርሽ አለ" ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ያለሁበት ግቢ ጠባብ ነው፤ ልብስ ማስጫ ገመድና የውሃ ሮቶ ነው ያለው። ሮቶው ጎን ግን አንዲት ጥግ አፈር አለች። ሎሚው ክረምቱን በጣሳው ውስጥ ቅጠሉን እያረገፈ ከረመ። እንቁጣጣሽ ጠዋት ጣሳውን በቆርቆሮ መቀስ ቀድጄ፣ ያቺን ጥግ ቆፍሬ መሬት ውስጥ አስገባሁት።

አከራዬ ከበራቸው ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና መጡ። "ተከራይ ደግሞ ዛፍ ይተክላል?" አሉኝ። "ይተክላል" አልኳቸው። "ስትለቂስ ምን ልታደርጊው ነው?"

"እትዬ፣ አንድ ቀን እለቃለሁ፤ ሎሚው ግን አይነሳም። ለእርስዎ ይሆናል፤ አሁኑኑ ይወቁት" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። "እንግዲህ ውሃውን ካጠጣሽ" ብለው ተመለሱ። ነገሩ በዚህ አለቀ። አየህ ሽፌ፣ እንዲህ ነው የሚነገረው። አንድ ስኒ ውሃ የሚጠጣበትን ጊዜ እንኳ አልፈጀም።

ከዚያ ደብተሬን ከፈትኩ። ባንተ መስመር ላይ "የዘንድሮ እንግዳ፦ ሎሚ፣ መሬት" ብዬ ጻፍኩ። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ አንተ ሳታመጣው የጻፍኩት የመጀመሪያው ነው።

አልረሳህም። ሰዎች ሟች ሲታሰብ ክፉውን ተይው ይሉኛል፤ እኔ ግን ለሁለት አልከፍልህም። በጋዜጣ የተጠቀለለውን ጽጌረዳም፣ የታጠፈውን ወረቀትም እኩል አስታውስልሃለሁ። አንዱን ለመጠበቅ ብዬ ሌላውን አልሰርዝም። በየእንቁጣጣሹ መስመርህ ደብተሬ ውስጥ ቦታው ይጠበቃል። ሎሚው ይጸድቅ እንደሆነ ገና አላውቅም፤ ትናንት አንድ ቅርንጫፉ ላይ አረንጓዴ ነገር ያየሁ መስሎኛል። ከጸደቀ ጸደቀ ብዬ እጽፋለሁ። ከደረቀም ደረቀ እልሃለሁ፤ አልደብቅህም።

ጥሩወርቅህ